የቢሊሴ የምሥራች

ቢሊሴ ገቢሳ በላብራቶሪ ሙያ አምስት ዓመት ስትሠራ የሰው ጣት ለመውጋት እጇ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ሕፃን ሲጮህባት፣ ጎረምሳ ሲያልበው፣ አንድ ግዙፍ ፖሊስ ደሙን አይቶ ዘጭ ሲል አይታለች። የባምባሲ ልጅ ናት፤ በዚህ አገር የላብራቶሪ ሰው መሆን ማለት ጠዋት ማታ የወባ ደም መውሰድ ማለት ነው። ጣት ለእሷ ጣት ነው። ታዲያ በጥቅምት 2013 አሶሳ ውስጥ፣ በአንድ የሥልጠና አዳራሽ፣ አንድ ረጅም ጠይም መምህር ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ለልምምድ ግራ እጁን ሲዘረጋላት መርፌው ሁለት ጊዜ ለምን እንደሳተባት እንጃ!

«ሦስተኛውንም ከሳትሽ ቀኙን ልስጥሽ?» አላት።

«አትንቀሳቀስ እኮ ነው የምልህ!»

«እኔ? እኔ እንደ ግንድ ተቀምጫለሁ። የምትንቀሳቀሺው አንቺ ነሽ።»

ከማስኩ በላይ የሚታዩት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ይስቃሉ። በዚያ ዓመት ስንቱ ሰው በግማሽ ፊት ተዋደደ መሰላችሁ! ሌላውን ግማሽ ኋላ ሲያይ የደነገጠም አይጠፋም።

ሰውየው ዓብዱልባሲጥ ይባላል። የበርታ ተወላጅ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ የሳይንስ መምህር። ኮሮና ትምህርት ቤት ካዘጋ ሰባት ወር ሆኖታል፤ ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ብሎ ለአንድ ጥናት አስተርጓሚ ሆኖ ተቀጠረ። ቢሊሴም የተመደበችው እዚያው ነው። ሥራቸው ዕጣ በወጣባቸው ቤቶች እየገቡ ደም መውሰድ፣ ከዚያ ስንቱ ሰው ሳያውቀው ኮሮና ይዞት እንደለቀቀው፣ በስንቱ ደም ውስጥ አንቲቦዲ የሚሉት መከላከያ እንዳለ መቁጠር ነው። መከላከያ ያለው ሰው ከበዛ በሽታው መሄጃ ያጣል። ይህን የመንጋ መከላከያ ይሉታል።

«መንጋ?» አለ ዓብዱልባሲጥ እጁን አውጥቶ። «ይህን በበርታ ከተረጎምኩማ በዱላ ነው የምባረረው።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ያልሳቀው አስተባባሪው የሻው ብቻ ነው። የሻው በአሶሳ ዙሪያ ካሉት አምባዎች በአንዱ፣ ከሰፋሪ ቤተሰብ የተወለደ፣ ሥራ ላይ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው።

«አንድ ነገር ስሙኝ» አለ። «ይቺ የመመርመሪያ ኪት የምትጠቅመው ለብዙ ሰው ነው። ከመቶ ስንቱ የሚለውን ትነግረናለች፤ አንድን ሰው ነጥለን ስናይ ግን ልትዋሽ ትችላለች። ለዚህ ነው ከየሰዉ፣ ከእናንተ ከሠልጣኞቹም ጭምር፣ በሲሪንጅ የምንቀዳው ደም አዲስ አበባ ሄዶ በትልቁ ማሽን የሚረጋገጠው። እስከዚያ ድረስ ውጤት ለማንም አይነገርም። ለባለ ደሙም ቢሆን። ሰማችሁ?»

ሁሉም ሰማ። ቢሊሴም ሰማች። መስማቷን ልብ በሉልኝ።

በሦስተኛው ሙከራ ያገኘችው የዓብዱልባሲጥ ደም ኪቱ ላይ ከፈሰሰ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ሁለተኛዋ ቀጭን መስመር ብቅ አለች። ፖዘቲቭ። ይህ ሰው ታሞ ድኗል፤ ራሱ አያውቅም እንጂ። ቢሊሴ መስመሯን ከሚገባው በላይ ረዘም አድርጋ አየቻት።

«ምን አለሽ?» ሲል ጠየቃት።

«ቁጥርህ ሰባት ነው አለኝ።»

«እሱንማ ደረቴ ላይ ለጥፈሽልኛል።»

«ታዲያ እያየኸው ምን ትጠይቀኛለህ?»

ያን ቀን ሕጉን ጠበቀች። የጠበቀችው ግን ያን ቀንና ከዚያ ወዲያ አሥር ቀን ብቻ ነው።

ያን አሥር ቀን በላንድክሩዘሩ የኋላ ወንበር ላይ የደም ሣጥኑን መሐላቸው አስቀምጠው በየቀበሌው ዞሩ። የሻው ከፊት ሆኖ «ርቀት!» ይላል። ርቀታቸው እንግዲህ ያቺ በበረዶ የተሞላች ሣጥን ነበረች። መንገዱ ሲያንገጫግጫቸው ክርኖቻቸው ሣጥኗ ላይ ይጋጫሉ፤ ሁለቱም ይቅርታ ይላሉ፤ ሁለቱም ክርናቸውን ከዚያ አያነሱም።

በአንዱ መንደር ሐመድ የሚባሉ ሽማግሌ ማንጎ ሥር ተቀምጠው የዓብዱልባሲጥን ማብራሪያ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። መንጋ የሚለውን ቃል ብልህ ሆኖ ዘሎታል። ሽማግሌው አገጫቸውን እያሻሹ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ዓብዱልባሲጥም ለመተርጎም ትንሽ አመነታ።

«ስንቱ ሰው ሲይዘው ነው በሽታው የሚያበቃው ይላሉ።»

«ከመቶ ስድሳ ሰባው ይባላል» አለች ቢሊሴ።

ሽማግሌው አሁንም ጠየቁ።

«ስድሳው እስኪሞላ ስንቶቻችን እንሞታለን? እናንተ ቆጥራችሁ ስትጨርሱ የሚተርፈው ማነው? ይላሉ።»

የሻው ወረቀቱ ላይ አፍጥጦ «ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፉ» አለ። ሽማግሌው ግን ደግ ሰው ናቸው፤ ሲስቁ አንድ ጥርስ ብቻ እያሳዩ ጣታቸውን ለቢሊሴ ዘረጉላት።

ወደ መኪናው ሲመለሱ ቢሊሴ ድንገት ጠየቀችው። «ለምን አላገባህም?»

«የእናቴ እጅ ሥራ ፈታ።»

«ምን ማለት ነው?»

«በእኛ ቤት ሙሽራን ደጃፍ ላይ እጇን ይዛ የምታስገባት አማት ናት። እናቴ አስም አለባት። ከተማ ስውል ሳድር ይዤባት እንዳልገባ ብዬ ይኸው ሰባት ወር አጥር ላይ ነው የማነጋግራት። የገዛ እጄን ያልነካች እናት የሙሽራ እጅ ትይዝልኝ?» አለ። «ሙሽራዋም ገና እሺ አላለችም» ብሎ ጨመረ፤ ፊቷን ግን አላየም።

ቢሊሴ ፊቷ ጋለ። ለማስኩ ምስጋና ይግባውና ማንም አላየባትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ዕጣው ወደ ሸርቆሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለች መንደር ወጣ፤ ከዕጣው ቤቶች አንዱ የዓብዱልባሲጥ እናት የዐዋጢፍ ቤት ሆኖ አረፈው። ዓብዱልባሲጥ ከቀርከሃው አጥር ውጭ ቆመ። ስኳርና ሻይ ቅጠል የቋጠረበትን ፌስታል አጥሩ ላይ አንጠለጠለ። ከዚያ ሆኖ ጮክ ብሎ ይተረጉም ጀመር፤ ሴትየዋ ግን እሱን ትታ በራሷ በተሰባበረ አማርኛ ቢሊሴን ያዘቻት።

«አንተ ዶክተር ነህ?»

«አይደለሁም እማማ፤ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ።»

«ያ ዶክተር ነው። ልጄ ሰባት ወር እኔን አይነካም። አጥር ይቆማል፣ ስኳር ይሰቅላል፣ ይሄዳል። እኔ ጅብ ነው? እሱ ትንሽ ሆኖ ሲታመም፣ እኔ አጥር ቆመ?»

ከአጥሩ ውጭ «እናቴ፣ ተይ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እናትየዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትንፋሿ እየተቆራረጠ አለቀሰች። ቢሊሴ ደሟን ወሰደች፤ ሩብ ሰዓት ጠበቀች። መስመሯ አንድ ብቻ ናት። ኔጌቲቭ። ሴትየዋ በሽታው አግኝቷት አያውቅም።

እንግዲህ የቢሊሴ ስሌት እዚያው፣ የሴትየዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ተሠራ። እናት መከላከያ የላትም፤ ልጅ አለው። መከላከያ ያለው ሰው አይያዝም፤ ያልተያዘ ሰው አያስይዝም። ታዲያ ይህ ምስኪን አጥር ላይ የሚንከራተተው በማን ጥፋት ነው? በየሻው ሕግ! እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን በስሌቱ ውስጥ እሷም ነበረችበት። እጇን የምትይዛት አማት ፈልጋለች።

ሲመለሱ የመኪናው ጎማ ተነፈሰ። የሻውና ሾፌሩ ክሪክ ሲያስገቡ ሁለቱ ራቅ ብለው መንገድ ዳር ቆሙ።

«አንድ ነገር ብነግርህ በአፍህ አይወጣም?»

«በእናቴ።»

«ጨርሰሃል። ኮሮና ይዞህ ለቆሃል። መከላከያው ደምህ ውስጥ አለ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

ዓብዱልባሲጥ የሰማውን ለማመን ጊዜ ወሰደበት። «እና እናቴን...»

«ሂድና እቀፋት።»

ማስኩን አውልቆ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። ቢሊሴ ሙሉ ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያኔ ነው፤ እንባ በእንባ ሆኖ። ቆንጆ ነበር። ከዚያ ብድግ ብሎ ወደ መጡበት በእግሩ ነካው። የሻው ቀና ብሎ «ይሄ ሰውዬ ወዴት ነው?» ሲል «ዘመድ ሊጠይቅ» አለችው፤ ደስታዋን ዋጥ ማድረግ አቅቷት ፊቷን አዞረች።

ምን ላድርግልህ ብሎ የሚወድ ሰው እንደሚያስፈራኝ ምንም አያስፈራኝ።

ከሳምንት በኋላ እናቱ ቤት ይዟት ሄደ። ዐዋጢፍ ደጃፏ ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። የቢሊሴን እጅ በሁለት እጆቿ ይዛ አስገባቻት፤ በባሚያ ወጥ ገንፎ አቀረበችላት፤ ትብላ አትብላ እየተቆጣጠረች ከአጠገቧ አልነቃነቅ አለች። «ያ ቢንቲ» ትላታለች፤ ልጄ ሆይ ማለቷ ነው፤ «አንተ ልጄን መለሰልኝ» እያለች ጉልበቷን ትመታታለች። ዓብዱልባሲጥ በእናቱ ትከሻ ላይ ራሱን አስደግፎ ይስቃል። ያን ቀን ቢሊሴ ከሕግ በላይ የሆነ ትልቅ ሥራ እንደሠራች አልተጠራጠረችም።

ባምባሲ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። አባቷ አቶ ገቢሳ የቸርች ሽማግሌ ናቸው። «ሙስሊም?» አሉ፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት አላናገሯትም። ትደውላለች፣ ስልኩን ለእናቷ ያቀብላሉ። በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸው ደወሉና «ይምጣና ልየው» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቢሊሴ ስልኩን ዘግታ ብቻዋን ዘለለች።

ለዓብዱልባሲጥ ልትነግረው ስትደውል አላነሳም። ደግማ ደወለች። በስተመጨረሻ ያነሳው እሱ ራሱ ነው፤ ድምፁ ግን የእሱ አልመሰላትም።

«እናቴ ትንፋሽ አጠራት። አምቡላንስ ውስጥ ነን።»

ዐዋጢፍ ለይቶ ማከሚያው ገብታ በስድስተኛው ቀን ሞተች። ከአፍንጫዋ የተወሰደው ናሙና ኮሮና አለ። ልጇ እንዲገባ አልተፈቀደለትም፤ እሱ መስኮት ላይ እንደቆመ ነው ያለፈችው። ገላዋ በወጉ ሳይታጠብ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ፊታቸው በማይታይ ሰዎች እጅ ተቀበረች። መንደሩ ከሩቅ ቆሞ ሰገደባት።

ከቀብሩ በኋላ በአሥረኛው ቀን ዓብዱልባሲጥ ቢሊሴ ወደምትሠራበት መጣ። ከስቷል። ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እንዴት እንዳላበድኩ ታውቂያለሽ?» አላት። «ሰው ያወራል። ከከተማ ልጇ ነው ያመጣባት ይላል። ገበያ የሚወጣ ጎረቤት፣ ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ ይገባ ይወጣ እንዳልነበር! ያውሩ። እኔ ከእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ ዛሬ ምን እሆን ነበር?»

ቢሊሴ እጁን ያዘች።

«ሠላሳ ሁለት ቀን አቅፌያታለሁ» አለ። «ቆጥሬዋለሁ። መምህራን ተሰብስበን ከተመለስኩ በኋላ ጉንፋን ይዞኝ፣ ጠረንም ጣዕምም ጠፍቶብኝ ሳለ፣ እንቢ ስላት በግድ ያጎረሰችኝ እሷ ናት። እንደ ሕፃን! ይህን ሁሉ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።»

ቢሊሴ ወደ እሱ ዞረች። «መቼ ነው ጉንፋን የያዘህ?»

«ኅዳር ላይ። ስብሰባው ላይ ብቻዬን ያለ ማስክ ቁጭ ብዬ ጓደኞቼ ሲቆጡኝ፣ እኔ ጨርሻለሁ እያልኩ ስስቅባቸው ነበር።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጉንፋን ነው ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ምን ላስጨንቅሽ? ረመዳን ሳይገባ ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ። እናቴ እጅሽን ይዛለች፤ በእኔ በኩል ከዚህ ወዲያ የሚቀር ነገር የለም።»

እሱ ከሄደ በኋላ ቢሊሴ ቦታዋ ላይ ቀረች። ኪቱ አይዋሽም፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እያለች ራሷን ታባብል ነበር።

በጥር የሻው ሁሉንም ሰበሰበና ከአዲስ አበባ የመጣውን ውጤት አነበበላቸው። በዚህ አካባቢ ኪቷ ፖዘቲቭ ካለቻቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ትልቁ ማሽን አላረጋገጠም።

«ወባ ነው» አለ የሻው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ። «ኪቷን የሠሯት ወባ በማያውቅ አገር ነው። እኛ ጋ ክረምቱ ሲወጣ ያልታመመ ማን አለ? የወባውን አንቲቦዲ የኮሮና እያደረገች ቆጥራልናለች። ቀበሌው ግማሹ መከላከያ አለው ብለን አውጀን ቢሆን ኖሮ ስንቱን በጨረስን! እግዜር ነው ያተረፈን።»

«ዝርዝሩን ልየው?» አለች ቢሊሴ።

ቁጥር ሰባት፤ ኔጌቲቭ።

የሥልጠናው ቀን ቅጹንም ከፋይሉ አውጥታ አየችው። ባለፉት ሁለት ወራት ወባ ታመዋል ወይ ከሚለው ጥያቄ ጎን አዎ የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል። ምልክቱ የእጇ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ወባ ስትቆጥር የኖረች ልጅ! ሌላው ቢሳሳት፣ እሷ እንዴት በወባ ትታለል? ፋይሉን መልሳ አስቀመጠች።

ማንም አያውቅም። የሻው አያውቅም፤ ዓብዱልባሲጥ ዝርዝሩን የሚያይበት መንገድ የለም። አፏን ብትዘጋ ሚስቱ ትሆናለች፤ በየዓመቱ እናቱን ሲያስታውስ እጇን ይዞ ያመሰግናታል። ዘጠኝ ቀን ይህን አሰበች። በዘጠነኛው ቀን ደወለላት፤ ሽማግሌዎቹ እሑድ ባምባሲ እንደሚገቡ ነገራት። ድምፁ ላይ ከእናቱ ሞት ወዲህ ያልሰማችው ደስታ ነበረበት። ያን ደስታ መሸከም አልቻለችም።

ተማሪዎች ከተለቀቁ በኋላ የሚያስተምርበት ክፍል ድረስ ሄደች። ወንበር ሲሰጣት ሳትቀመጥ፣ ማልቀስም ሳትጀምር፣ ሁሉንም አወራችው፤ ኪቷን፣ ወባውን፣ ቁጥር ሰባትን። የሳይንስ መምህር ነው፤ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

«ጉንፋኑ» አለ።

«አዎ።»

ከውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ጩኸታቸው ይሰማል።

«ለምን ነገርሽኝ?»

«ማወቅ መብትህ ስለሆነ...»

«ያኔም መብትህ ነው ብለሽ ነው የነገርሽኝ?»

«ዓብዱልባሲጥ፣ በአምላክ...»

«እስከ ዛሬ ጠዋት እናቴን ያቀፍኳት ሰው ነበርኩ። አሁን የገደልኳት ሰው ሆንኩ። እሷን አልመለስሽልኝ፤ የቀረችኝን ሠላሳ ሁለት ቀንም ወሰድሽብኝ። ይህን ይዘሽ ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?»

«ይዤው ካንተ ጋር መኖር አልቻልኩም። ከበደኝ።»

«ከበደሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ከበደሽና ለእኔ አሸከምሽኝ።»

ደብተሮቹን ሰብስቦ በብብቱ ያዘ። ወጣ። እሑድ ባምባሲ ማንም አልመጣም፤ አቶ ገቢሳ አዲሱን ኮታቸውን እንደለበሱ እስከ ቀትር ደጅ ደጁን ሲያዩ ዋሉ። በሚያዝያ ዓብዱልባሲጥ ወደ ማንኩሽ መዛወሩን ቢሊሴ ከሰው ሰማች። ስልኩ አይሠራም ነበር።

በኅዳር 2014 የክትባት ዘመቻ ሲጀመር ባለሙያ አልበቃ ብሎ ቢሊሴም ለምዝገባ ተመደበች። አሶሳ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ሰልፉ እስከ መንገድ ይደርሳል። ቀና ሳትል ነበር የምትጽፈው። «ስም?» ስትል የመጣው ድምፅ ብዕሯን አስቆማት።

«ዓብዱልባሲጥ» አላት፤ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ አንድ በአንድ፣ ለማያውቀው ሰው እንደሚነገር አድርጎ። ለስብሰባ ከማንኩሽ እንደመጣ ከኋላው ላለው ሰው ሲነግረው ሰማች። ሽበት አብቅሏል።

«ዕድሜ?»

ነገራት።

«ከዚህ በፊት ኮሮና ይዞዎት ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ቅጹ ላይ አለ። ማንበብ ነበረባት፤ አነበበች።

«አዎ» አለ። ዓይኑ ከቅጹ ላይ አልተነሳም።

«አንድ ነገር ቢፈጠር የምንደውልለት የቅርብ ሰው?»

ከኋላው ያለው ሰልፍ ገፋ አደረገው። ያኔ ብቻ ቀና ብሎ አያት፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆንማ በተሻላት።

«የለም ብለሽ ጻፊ» አላት።

ቢሊሴ ጻፈች፤ ካርዱንም ሰጥታ በስተግራ ወዳለው ወንበር እንዲያልፍ በእጇ አሳየችው።